ትምህርት ቤት ሲዘጋ በስልክ ማስተማር፦ ደሴ ላይ ያየሁት

መጋቢት 4 ቀን 2012፣ ዓርብ ዕለት፣ ኮሮና አገራችን መግባቱ ተነገረ። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ተባለ። ተማሪዎቼ ጮቤ ረገጡ። አልዋሽም፣ እኔም ትንሽ ደስ ብሎኛል። ያልታረመ የፈተና ወረቀት ክምር ነበረብኝ። በ15 ቀን እጨርሰዋለሁ ብዬ በፌስታል ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ። ከልጆቹ ጋር እንደገና አንድ ክፍል ውስጥ የተገናኘነው በጥቅምት 2013 ነው። በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀርቷል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ የማወራው ስለ እኔ ክፍል 61 ልጆች ነው።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ያኔ ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ8ኛ «ለ» ስም ጠሪ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ማለት ክልላዊ ፈተና ያለበት ክፍል ነው። ስለዚህ ሌላው «አርፈን እንቀመጥ» ሲል የእኔ ልጆች ወላጆች ይደውሉልኝ ነበር። ይህን የምጽፈው በተለይ እንደ እኔ ሦስት ልጅ በአንድ ዴስክ አስቀምጣችሁ ለምታስተምሩ ነው። የግል ትምህርት ቤት ያሉ ጓደኞቼ ጣጣቸው ሌላ ነበር፤ እሱን እነሱ ይጻፉት።

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም ያደረገውን ነው። ቴሌግራም ከፈትን። የአይሲቲ መምህራችን ግሩፑን ሠርቶ ሰጠኝ፣ ለክፍል አለቃው ሊንኩን ላክሁለት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ 23 ሰው ገባ። ከ61 ውስጥ 23 ትንሽ ነው። ቢሆንም አንዱ ለጎረቤቱ ያሳያል ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ ቪዲዮ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። የጓዳችን በር ጥቁር ቀለም ነው፤ ጠመኔ ይይዛል። ባለቤቴ ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፎ ቀረጸኝ። ልጄ ሁለት ጊዜ መሀል ገብታ አበላሸችብን። በመጨረሻ 14 ደቂቃ ወጣ። 180 ሜጋባይት! ኔትወርኩ ቀን ስለማይችለው ሌሊት 7 ሰዓት ተነስቼ ላክሁት። ምን ያህል እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። በማግስቱ የአንዷ ተማሪ እናት ደወለች።

«ቲቸር፣ አፉ በይኝና፣ ያቺ ቪዲዮሽ የሳምንት ካርዴን በላችው።»

እውነቷን ነው። ስልኳ ግሩፑ ላይ የተላከውን ሁሉ ራሱ እንዲያወርድ ተደርጎ ነው የተስተካከለው። እሷ ሳታየው፣ ልጇም ሳታየው፣ ፓኬጁ አለቀ። ከዚያ በኋላ ቪዲዮ አልላክሁም። የ4 ደቂቃ ድምፅ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚሆነው። አንድ ገጽ በእጄ ጽፌ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከሥሩ «አሁን ሁለተኛውን መስመር እዩ» እያልኩ በድምፅ አስረዳለሁ። ካርድም አይበላ፣ ልጁም ደጋግሞ ይሰማዋል። ወላጆችንም አውቶማቲክ ማውረዱን እንዲያጠፉ አስተማርኳቸው። ይህን ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ወስዳችሁ ብትሄዱ አልቀየምም።

ትልቁ ስህተቴ ግን ቪዲዮው አልነበረም።

ማታ ማታ ቴሌግራሙን ከፍቼ አያለሁ። ከላክሁት ሥር ሁለት ራይት አለ። ታይቷል ማለት ነው። ልቤ ያርፋል። ደብተሬ ላይ «ክበብ፣ ክፍል 1፣ ተልኳል» እላለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ሲጠይቁኝም ይኸንኑ ቆጥሬ እሰጣለሁ። እንዲህ ሆኜ አምስት ሳምንት ሄድኩ። ለካ ግሩፕ ውስጥ ሁለቱ ራይት የሚመጣው አንድ ሰው እንኳ ከከፈተው ነው! የከፈተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያ የአይሲቲ መምህር ነበር። ለእሱ ነበር ክበብ የማስተምረው።

የቤት ሥራ የሚመልሱም ነበሩ። ደብተራቸውን ፎቶ አንስተው ይልካሉ። አንድ ቀን ስልኬን ጠጋ አድርጌ ሳይ ገጹ ጥግ ላይ የሽሮ ጠብታ አለች። ቀጥሎ ያለው ልጅ ደብተርም ላይ አለች። ቀጥሎም። ያቺው ጠብታ፣ ያው ቦታ፣ ሰባት ልጅ ልኳታል። የደብተሩን ባለቤት በጽሑፉ አወቅሁት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ችግሩ ስድስት ጓደኛ አለው።

ነገሩ የተገለጠልኝ በአጋጣሚ ነው። አንዲት ፈጣን ተማሪ ነበረችኝ፣ ክፍል ውስጥ እጇን ሳታወጣ የማትውል። እናቷ ስለ ክልላዊ ፈተናው ልትጠይቀኝ ደወለች። እስቲ ልጅቷን አቅርቢልኝ አልኳት። ስለ ላክሁት ትምህርት አንዲት ቀላል ጥያቄ ጠየቅኋት። ዝም አለች።

«አላየሽውም እንዴ?»

«ቲቸር፣ ስልኩ እኮ የወንድሜ ነው። ባጃጅ ነው የሚነዳው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲገባ ቻርጅ የለውም። ቻርጅ ሲያደርገው ደግሞ እኔ እተኛለሁ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ ስም ዝርዝሩን ጻፍኩበት። ከእያንዳንዱ ስም ፊት አራት ነገር አሰመርኩ፦ ቤት ውስጥ ያለው ስልክ ምን ዓይነት ነው፣ የማን ነው፣ ልጁ እጅ የሚገባው በስንት ሰዓት ነው፣ ቤቱ አጠገብ ያለው ሱቅ የቱ ነው። ለመሙላት ስምንት ቀን ፈጀብኝ። እየደወልኩ፣ ልጅ በልጅ እያስጠየቅሁ፣ አንዳንዱንም በእግሬ እየሄድኩ። ውጤቱ ይኸውላችሁ። ተች ስልክ ያለበት ቤት 23። ከእነዚህ የራሱ ስልክ ያለው ልጅ 4 ብቻ። ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ያለበት ቤት 26። በምንም የማላገኛቸው 12።

አሁን ሳስበው ይህ ደብተር መጋቢት 7 ቀን እጄ ላይ ቢኖር ኖሮ እላለሁ። የተማሪ ፋይል ውስጥ የወላጅ ስልክ የሚባል ቦታ አለ፤ ግማሹ ባዶ ነው፣ ግማሹ ከሁለት ዓመት በፊት የተቀየረ ቁጥር ነው።

እንግዲህ መደወል ጀመርኩ። ለባለ ቁልፍ ስልኮቹ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ። በቀን አምስት ስድስት ልጅ ማለት ነው። ደንቡ በሚስኮል ነው። ልጁ ስልኩ እጁ ሲገባ ሚስኮል ያደርግልኛል፣ እኔ መልሼ እደውላለሁ። ካርዱ ከኪሴ ነው፤ በወር ከ300 ብር በላይ ይወጣ ነበር። ለሚመለከተው ክፍል የካርድ ነገር አንስቼ «ይታያል» ተብያለሁ። እስካሁን እየታየ ነው።

አምስት ደቂቃ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። አጠያየቁን እስካውቅበት ድረስ ምንም አይሠራም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «ገባህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «አዎ ቲቸር።» «ገባሽ?» «አዎ ቲቸር።» ልጆቻችን አስተማሪን አልገባኝም ማለት ነውር ይመስላቸዋል፤ እናት አጠገብ ቆማ ስትሰማ ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ «ገባህ?» የሚለውን ቃል ተውኩት። በእሱ ፈንታ «ደብተርህን ክፈትና የሠራኸውን ጮክ ብለህ አንብብልኝ» እላለሁ። ሲያነብ የት እንደሚንተባተብ እሰማለሁ። እዚያች ላይ አቆመዋለሁ። «ይቺን ከየት አመጣሃት?» በቃ፣ ይኸው ነው። አምስቱ ደቂቃ የምታልቀው እዚያች መስመር ላይ ነው። ሌላውን ለሚቀጥለው ሳምንት።

አንዱን ልንገራችሁ። ክበብን እንደ አዲስ ከመጀመራችን በፊት የሰባተኛ ክፍሏን የክብ ነገር ልከልስ ፈለግሁ፤ ዙሪያን ለስፋት ስናካፍል የምትመጣውን ያቺን 3.14። መጽሐፍ ለሌለው ልጅ በስልክ ክብ እንዴት ታሳየዋለህ? ደግነቱ ደሴ ውስጥ ሲኒ የሌለበት ቤት የለም። ክር፣ ማስመሪያና ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ክብ ነገር አዘጋጁ አልኳቸው። ዙሪያውን በክር ለኩ፣ ክሩን ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩ፣ ከዚያ በመሀል ያለውን ስፋት ለኩ፣ አካፍሉ።

ያ ሳምንት ከዚያ ሁሉ ወር ደስ ያለኝ ሳምንት ነው። አንዷ ምጣድ ለክታ፣ 182 ለ58። ያ የባጃጅ ሾፌር እህት የወንድሟን ጎማ ለክታ፣ 129 ለ41። ሁለቱም 3.14 ገደማ ይመጣሉ። አንዱ የአያቱን የመድኃኒት ክኒን ልለካ ብሎ ተቸግሯል። አንዲት ልጅ ግን ደውዬላት «ቲቸር፣ የእኔ 1.7 መጣ» አለችኝ። አፍራለች። 11ን ለ6.5 ነው ያካፈለችው። ማካፈሉ ልክ ነው።

«እስቲ ሲኒውን በእጅሽ ያዢው። ያዝሽው?»

«ያዝኩት።»

«ክሩን የት ጋ ነው የጠመጠምሽው?»

«እግሩ ጋ። አፉ ላይ ሲሆን ይንሸራተትብኛል።»

«ስፋቱንስ?»

«አፉን… ውይ!»

ራሷ ሳቀች፣ ከኋላ እናቷም ሳቁ። ክሩን አርጥበሽ አፉ ላይ ዙሪያ ያዢው አልኳት። ስልኩ ሳይዘጋ ለካችው። 20.5 ለ6.5። ይቺ ልጅ ግሩፑ ላይ ብትሆን ኖሮ 3.14 ብላ ከጓደኛዋ ገልብጣ ትልክልኝ ነበር፣ እኔም ራይት አድርጌላት አልፍ ነበር። ዙሪያና ስፋት የአንድ ክብ መሆን እንዳለባቸው አለማወቋን ማንም አያውቅም ነበር። እሷም ጭምር።

የወረቀቱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስልክ ጥያቄ ለማንሳት እንጂ መልመጃ ለመስጠት አይመችም። ቁጥር በቃል እያጻፍክ አምስቱ ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ፣ አዘጋጅቼ ቤታቸው ተች ስልክ ለሌለባቸው 38 ልጆች አስባዛለሁ። ኮፒ ቤቱ በገጽ 1 ብር ነበር፣ 76 ብር ማለት ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እየተዋጣን ከፈልን።

እንዴት ይዳረስ? የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ታውጇል፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው። ባጃጁ ሰው ቀንሶ ነው የሚጭነው፣ ታሪፉም ጨምሯል። ልጆቹ ደግሞ ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ የተበተኑ ናቸው። ደብተሬ ላይ ያ አራተኛው ዓምድ፣ የሱቁ፣ እዚህ ጋ ነው ያዳነኝ። ቆጥሬ ሳየው 38ቱ ልጆች ስኳርና ዘይት የሚገዙት ከአምስት ሱቅ ነው። አምስቱንም ሄጄ አነጋገርኩ። አንዱ ብቻ ቫይረሱን ፈርቶ እምቢ አለ፤ አልፈረድኩበትም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የኮሮና ሕክምና የሚሰጥበት ሆኖ ነበር፤ አምቡላንስ ድምፁን እያሰማ ባለፈ ቁጥር ሁላችንም አንገታችንን ሰበር እናደርግ ነበር። ያኔ ወረቀት ሁሉ ቫይረስ ያለበት ይመስለን ነበር፤ የተመለሰውን ሦስት ቀን በፌስታል አቆይቼ ነው የማርመው። በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ መሆኑ በደንብ የገባን ዘግይቶ ነው።

ሸዋ በር አካባቢ ያለው ሱቅ የአንድ ሸምገል ያሉ ሐጂ ነው። ሁለት የሳሙና ካርቶን አዘጋጁልኝ። አንዱ ላይ «ሂያጅ»፣ አንዱ ላይ «ተመላሽ» ብለው በማርከር ጻፉ። የልጆቹን ስም መጻፍ አልፈለግሁም፣ የስም መጥሪያ ቁጥራቸውን ብቻ ነው የምጽፈው። ልጅ ስኳር ሊገዛ ሲመጣ ሐጂ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ብለው ወረቀቱን ይሰጡታል። በሦስተኛው ሳምንት ስሄድ ያሉኝን አልረሳውም።

«ልጄ፣ 37 ቁጥር ሁለት ሳምንት ሆነው አልወሰደም። ቤታቸው ከቧንቧው ጎን ነው። ሰው ልላክበት?»

ለካ ሐጂ ስም እየጠሩልኝ ነበር! ስም ጠሪዋ እኔ ሆኜ 37 ቁጥርን አላስተዋልኩትም። ልጁ አባቱ ሥራ ስለቆመባቸው አስፋልት ላይ ማስክ እያዞረ ይሸጥ ነበር። ወረቀቱን እዚያው ቁጭ ብሎ እንዲሠራው ተስማማን። ተመላሽ ካርቶን ውስጥ ሲመጣ ጀርባው ላይ የሸጠውን የማስክ ሒሳብ ሠርቶበታል። እሱንም አረምኩለት።

ከማላገኛቸው 12 ልጆች አምስቱን ያገኘኋቸው በሱቅና በልጅ በልጅ ነው። አንድ ግቢ ወይም አንድ ሰፈር የሚኖሩትን ሦስት ሦስት አድርጌ አቧደንኳቸው። ድሮም አብረው ነው የሚጫወቱት። በረንዳ ላይ ራቅ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ስልኩን መሀል አስቀምጠው ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ፣ አንዱን ስጠይቅ ሌሎቹ ይሰማሉ። ይሄ ከነጠላ ጥሪው ይሻላል፤ ካርድም ይቆጥባል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ጎበዙን መጨረሻ ጠይቁት።

በሬዲዮም ትምህርት ይተላለፍ ነበር። ለአንዳንዱ ልጅ ጠቅሟል። ሬዲዮ ግን «ቆይ ድገሚልኝ» አይባልም። ትምህርቱ የሚተላለፍበትን ሰዓት አውቄ ከዚያ በኋላ ስደውል ነው ዋጋ ያገኘው። ብቻውን ሲሆን እናቶች እንደ ዜና ከፍተውት ሽንኩርት ይከትፋሉ።

ሰኔ 23 ኢንተርኔት ጠፋ። ሦስት ሳምንት ገደማ። ጓደኞቼ «አለቀ» አሉ። አንዷ ቴሌግራም ላይ ያላት ሁሉ ትምህርት፣ ሰባ ምናምን ፋይል፣ ከነልጆቹ ተቆለፈባት። እኔ ያኔ ክረምቱ ጉም ይዞት፣ የጦሳ ተራራ ጭራሽ አልታይ ብሎ፣ ጋቢ ለብሼ ሚስኮል እየጠበቅሁ ነበር። ስልክ ይሠራል። ካርቶኖቹም አሉ። በእርግጥ ወረቀቱ እርጥበት ይስባል፤ እሱን በፌስታል ተወጣነው።

ደክሞኝ የተውኩበት ጊዜም አለ፤ ይህን ካልጻፍኩ ውሸት ይሆናል። ነሐሴ ላይ ልጄ ታማ ሁለት ሳምንት ማንንም አልደወልኩም። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ የሐረጎን ዳገት በየቀኑ እየወጣ እየወረደ። ቤቱን፣ ልጄን፣ 61 ልጅን አንድ ላይ መያዝ አልቻልኩም። ስመለስ ግማሾቹ ሚስኮል ማድረግ አቁመዋል። እንደገና ለማስጀመር ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ስለዚህ ለአንድ አስተማሪ 61 ልጅ አትስጡ። ሦስት አስተማሪ ሆናችሁ ሃያ ሃያ ተካፈሉ። የቋንቋ አስተማሪ ስለ ሒሳብ ሊጠይቅ ይችላል፤ «አንብብልኝ» ለማለት ሒሳብ ማወቅ አያስፈልግም።

ጥቅምት ላይ ስንመለስ የሌላው ክፍል ተማሪ ሁሉ ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወረ። ለስምንተኛና ለአሥራ ሁለተኛ የ45 ቀን የማካካሻ ትምህርት ተሰጠ። ክፍሉን ለሁለት ከፍለን በፈረቃ አስተማርን። ማስክ ውስጥ የልጅ ድምፅ አይሰማም፤ ወደ እያንዳንዱ ዴስክ መሄድ ነበረብኝ፣ መሄድ ደግሞ አይፈቀድም። በመጀመሪያው ቀን ማርክ የሌላት አሥር ጥያቄ ሰጠኋቸው፣ ሁሉም ከመዘጋቱ በፊት የተማርነው። ለማካካሻ የሚያስተምር ሁሉ ይህን ቢያደርግ እላለሁ። እኔ ከክበብ ልቀጥል ነበር የተዘጋጀሁት። ወረቀቱን ሳርም ግማሹ ክፍል ቀላል እኩልታ መፍታት ረስቷል። ሦስት ቀን ወደ ኋላ ተመለስን። 45 ቀን ላይ ሦስት ቀን መስጠት ያሳቅቃል። ግን ከዚያ በኋላ ያለው ፈጠነ።

ያቺ ፈተና ያሳየችኝ ሌላ ነገር አለ። የአንድ ክፍል ነገር ነው፣ ጥናት አትበሉት። ግሩፑ ላይ ብቻ የነበሩት፣ ማለትም ሁሉ ነገር የተላከላቸው፣ ምንም ካልደረሳቸው ልጆች ብዙም አልተሻሉም። ባለ ቁልፍ ስልኮቹ ተሻሉ። ሊቅ ሆነው አይደለም። ቁጭ ብሎ መጻፍ፣ ተሳስቶ መሰረዝ አልጠፋባቸውም። አንዱ ሲጽፍ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለእኔ ጮክ ብሎ ሲያነብ የለመደው ነው።

ካላገኘኋቸው ሰባት ልጆች ጥቅምት ላይ የመጡት ሁለቱ ናቸው። አንዷ ገጠር ዘመድ ቤት ሄዳ እዚያው ተድራለች ተባለ። ሁለት ወንዶች በጅቡቲ በኩል ሊሻገሩ ወጥተዋል አሉ። የሁለቱን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ስለ እነሱ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። አምስቱን ሳምንት ሁለት ራይት እያየሁ ነው ያሳለፍኩት፤ ያኔ ሁሉም ደሴ ነበሩ።

ከዚያ በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ይህኛው መዘጋት ከኮሮናው ጋር አይወዳደርም። ኔትወርክም የለም፣ ሱቅም የለም፣ እኛም ራሳችን ከቤታችን ወጥተናል። ደብተሬን ግን ከልጄ ልብስ ጋር በሻንጣ ይዣት ነበር። ስንመለስ፣ ኔትወርክ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የከፈትኩት እሷን ነው። የትኛው ልጅ የት እንዳለ ለማወቅ ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀብኝ። ሱቃቸው የተዘረፈባቸው ሐጂ ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆመው የሦስቱን ልጆች ወሬ በቃላቸው ነገሩኝ።

አሁን መስከረም በመጣ ቁጥር በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹን ይህን አራት ነገር አስሞላቸዋለሁ፦ ስልኩ ምን ዓይነት፣ የማን፣ በስንት ሰዓት፣ ሱቁ የቱ። ጥር ላይ ደግሞ ሁሉንም ቁጥር አንድ በአንድ ደውዬ አጣራለሁ፤ ቁጥር ቶሎ ይቀየራል። ባለፈው ጥር ከ58ቱ 11ዱ አልሠሩም። ዘጠኙን በማግስቱ ከልጆቹ ተቀብዬ አስተካከልኩ። የሁለቱን ወላጆቻቸው ገና አዲስ ሲም አላወጡም፤ ሐጂ ጋ ትቼላቸዋለሁ።